አራት ኪሎን ተሸክሜ ዳንግላ

የድሮ ላፕቶፔን ጓደኞቼ «አራት ኪሎ» ይሉት ነበር። ባለ 17 ኢንች ነው። ከነቻርጀሩ ሲመዘን አራት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ካሜራና ትሪፖዴን ይዤ ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ስነሣ «ዛሬም ቤተ መንግሥቱን ተሸክሞ ወጣ» ይሉኛል። ለእነሱ ቀልድ ነው። ለትከሻዬ ግን ቀልድ አልነበረም።

ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ነው። መቅረጹም ማቀናበሩም የእኔ። ጥር ላይ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ፣ ከዚያ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ፣ ሳምንቱ አይበቃኝም። ዛሬ ደምበጫ፣ ነገ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ ቡሬ፣ ሲብስም እንጅባራና ዳንግላ። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ቦርሳውን ጣሪያ ላይ እንስቀለው?» ይለኛል። ላፕቶፕ ጣሪያ ላይ አይሰቀልም። ስለዚህ ጭኔ ላይ ነው። በላዩ ላይ የጎረቤቴ ፌስታል፣ አንዳንዴም የጎረቤቴ ልጅ ይጨመርበታል።

አንድ ዳንግላ ላይ የነበረ ሠርግ ነው ያስመረረኝ። ማታ ነው። ጭፈራው ረገብ ብሏል፤ ጠላው ግን አልረገበም። ካርዶቹን ወደ ሃርድ ዲስክ ልገልብጥ ብዬ ዳሱ ጥግ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሙሽራው ለቴሌግራም የሚሆን የአንድ ደቂቃ ቅንጭብ አሁኑኑ ካልሠራህልኝ አለኝ። እሺ ብዬ መቁረጥ ጀመርኩ። ፋኑ ተነሣ። ጥግ ላይ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡ አንዲት እናት ዙሪያቸውን ቃኙና «በዚህ ሌሊት ወፍጮ ያስነሣው ማነው?» አሉ። ሚዜዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ባትሪው አርባ ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ቻርጀሩን ከድምፅ ማጉያው ጄኔሬተር ላይ ልሰካ ስል ዲጄው እንዴት አድርጎ እንዳየኝ አልነግራችሁም።

ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ወሰንኩ። የሚቀጥለው ላፕቶፕ ትንሽ ይሆናል። ትንሽ ግን ጉልበተኛ፤ ለጌም ተብለው ከሚሠሩት ዓይነት።

ለቪዲዮ ሥራ ጌሚንግ ላፕቶፕ ምን ያደርጋል የሚሉኝ አሉ። ፎር ኬ ቪዲዮ ስትቆርጥ፣ ቀለም ስታስተካክልና ኤክስፖርት ስታደርግ ጫናው የሚያርፈው ጌም የሚሸከመው ክፍል ላይ ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ ላይ። ስለዚህ የጌመሩና የኤዲተሩ ፍላጎት ከወገብ በላይ አንድ ነው። ደግሞ አልዋሽም፣ ራሴም እጫወታለሁ። ልጄም ይጫወታል። ማታ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተያይዞ ፊልም ማየት፣ ፊፋ መጫወት፣ አሜሪካ ካለችው እህቴ ጋር በቪዲዮ ማውራት፣ ሁሉም በአንድ ዕቃ እንዲሆን ነበር የፈለግሁት። ሁለት ዕቃ የሚገዛ ኪስ የለኝም።

ኮንሶል (ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ የጌም ማጫወቻ) እና ቀጭን ላፕቶፕ ለየብቻ ይሻልሃል ብሎ የመከረኝ ነበር። አስቤበታለሁ። ግን ኮንሶል መብራት በሄደ ቁጥር ድርግም ነው። ላፕቶፕ ቢያንስ ባትሪ አለው። እኛ ዘንድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሦስት ሰዓት ሬንደር (ቪዲዮውን አቀናብሮ ማውጣት) ከምንም ተነሥቶ መጥፋት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ማክቡክም ነበረ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 14 ኢንች ማክቡክ ፕሮ በቻርጀርም በባትሪም ፍጥነቱ ያው ነው። ድምፁም አይሰማም። የዳንግላዋ እናት አጠገባቸው ቢከፈት እንኳ አይሰሙትም። ጉዳዩ ኤዲቲንግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወሬዬ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ጌሙ ነው ያስቀረኝ። ልጄ የሚፈልጋቸው ጌሞች አብዛኞቹ የሚሠሩት ዊንዶውስ ላይ ነው።

ስለዚህ ወደ ትንንሾቹ ጌሚንግ ላፕቶፖች ሄድኩ። ለረጅም ጊዜ ትንሽነትና ጉልበት አብረው አይሄዱም ነበር። ኤሊየንዌር የሚባለው አምራች በ2010 (በፈረንጅ፤ የላፕቶፖቹ ዓመት ሁሉ እንዲሁ ነው) ኤም11ኤክስ የምትባል ባለ 11.6 ኢንች አውጥቶ ሞክሮ ነበር። ብዙም የተከተለው አልነበረም። መንገዱን የከፈተችው በ2020 የወጣችው የአሱስ ሮግ ዜፊረስ ጂ14 ናት። 14 ኢንች፣ 1.6 ኪሎ ገደማ፣ ውስጧ አርቲኤክስ 2060 የሚባል ግራፊክስ ካርድ። ከዚያ በኋላ ሬዘር ባለ 14 ኢንቹን ብሌድ መልሶ አመጣ፣ ኤችፒም ኦመን ትራንሴንድ 14 አለ። አሁን ምርጫው ሞልቷል።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው በዚያችው በ2020ዋ ላይ ነበር። ያገለገለ ስለሆነ ዋጋዋም ቀለል ይላል። ልገዛት ስል እናቴ ናት ያስቀረችኝ፣ ሳታውቀው። ጂ14 እስከ 2021 ድረስ ካሜራ አልነበራትም። ጭራሽ የለም። ካሜራ የገባላት በ2022 ነው። እናቴ እሑድ እሑድ ከእህቴ ጋር የምታወራው በእኔ ላፕቶፕ ቴሌቪዥኑ ላይ ተደርጎ ነው። «እሷ ካላየችኝ እንዴት መክሳቴን ታውቃለች?» ትላለች። ለብቻው የሚሰካ ካሜራ ይገዛል እንዳልል ደግሞ የሚሰካ ነገር በዝቶብኝ ነው ከአሮጌው ላፕቶፕ የሸሸሁት።

አሁን የቆየ ቁስል ልንካ። አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ካበሳጩኝ ነገሮች ዋነኛው ክብደቱ አልነበረም። ስክሪኑ ነው። ስገዛው ስለ ስክሪን የጠየቅሁት ሻጩን «ፈጣን ነው?» ብዬ ብቻ ነው። 144 ኸርዝ ነው፣ ምስሉን በሰከንድ 144 ጊዜ ይቀይራል አለኝ፤ ደስ አለኝ። ቀለሙን አልጠየቅሁም። በኋላ ሳጣራ ቀለምን በቅጡ የማያሳይ፣ ርካሽ ጌሚንግ ላፕቶፖች ላይ የሚገጠም ዓይነት ስክሪን ነበር። ሁሉ ነገር የገረጣ ይመስለኛል። እኔም ቀለም እጨምራለሁ። አንድ የቡሬ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ ጥለት አረንጓዴው የሞተ መሰለኝና ጎትቼ ጎትቼ ሕይወት ዘራሁበት። ቪዲዮውን ቤተሰቡ ዘንድ ይዤ ሄጄ ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ሲከፈት የሰው ፊት ሁሉ በርበሬ የተነሰነሰበት ሆኖ ቁጭ አለ። የሙሽራዋ አባት ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩና «ያን ቀን ይህን ያህል ጠጥተን ነበር እንዴ?» አሉ። በነፃ ደግሜ ሠራሁት። ሁለት ሌሊት።

ስለዚህ የሚሠራበት ሰው ከኸርዙ በፊት ቀለሙን ይጠይቅ። ኤስአርጂቢ የሚባለውን መለኪያ መቶ በመቶ የሚሸፍን ካልሆነ ለሥራ አይሆንም። ለጌም ብቻ የሚፈልግ ቢያልፈውም ይቅር እለዋለሁ።

ኦሌድ የሚባለው፣ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚያበራው ስክሪንስ? የ2024ቷ ጂ14 ኦሌድ ስክሪን ነው ያላት። ሱቅ ውስጥ ሳያት ልቤ ደንግጧል። ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ማታ መብራት አጥፍቶ ፊልም ለሚያይ ሰው የሚያክለው የለም። ግን ኦሌድ ላይ አንድ ምስል ሳይነቃነቅ ለብዙ ጊዜ ከቆየ አሻራው ሊቀር ይችላል። የእኔ የኤዲቲንግ ሶፍትዌር መስመሮች በቀን አሥር ሰዓት አንድ ቦታ ላይ ናቸው። በሠርግ ወቅት ለወራት። ፈራሁ። ምናልባት ፍርሃቴ በዝቶ ይሆናል፣ ግን ብሩ የእኔ ነው።

ብር ካነሣን፣ መዘግየቴ ዋጋ አስከፍሎኛል። «ቆይ ትንሽ ይርከስ» እያልኩ አንድ ዓመት ጠበቅሁ። በእኛው አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ላፕቶፕ ያው የዶላር ዕቃ ነው። ያጠራቀምኩት ብር አንድ ሌሊት አድሮ ግማሽ ላፕቶፕ ሆነ። ባለቤቴ «ያንተ መጠበቅ» ብላ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው። ባትጨርሰውም ገብቶኛል።

እንደገና አጠራቅሜ አዲስ አበባ ወረድኩ። ደጀን ደርሶ የዓባይን በረሃ እየተጠማዘዘ ወርዶ በሌላኛው አቀበት ለሚወጣ መኪና ተሳፋሪ ሁሉ የራሱን ጸሎት ያደርሳል። የእኔ ጸሎት ቀላል ነበር፤ ስመለስ ቦርሳዬ ይቅለል።

መገናኛ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ሦስት ሱቅ አዳረስኩ። ሁሉም ሱቅ ውስጥ የሰማሁት ንግግር አንድ ነው። «ብሮ፣ ይሄ እኮ 4060 ነው። ምንም ነገር አያቅተውም።» እዚህ ላይ ነው ሰው የሚታለለው። ሻጩ ዋሽቶ አይደለም፤ ስሙ ትክክል ነው። ግን ካርዱን የሚሠራው ኤንቪዲያ ላፕቶፕ ላይ የሚገጠመውን አርቲኤክስ 4060 ከ35 ዋት ጀምሮ እስከ 115 ዋት ድረስ አምራቹ እንደፈለገ እንዲያስተካክለው ይፈቅዳል። ስሙ አይለወጥም። ሞተሩ አንድ ነው። ለአንዱ ነዳጁን በጀሪካን፣ ለሌላው በብርሌ ይቀዱለታል። ቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ ደግሞ ሙቀቱን ማስወጣት ስለሚከብድ ብርሌው ይበዛል። እና የ4060 ስቲከር የተለጠፈበት ሁለት ላፕቶፕ ጎን ለጎን ቆሞ አንዱ ሌላውን በሰፊ ልዩነት ሊበልጠው ይችላል።

«ዋቱ ስንት ነው?» አልኩት አንዱን ሻጭ። ቻርጀሩን ገልብጦ አነበበልኝ። «የቻርጀሩን አይደለም፣ የግራፊክስ ካርዱን» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። ለእሱ አዲስ ጥያቄ ነበረ መሰለኝ። ላፕቶፑ ተከፍቶ የኤንቪዲያ መቆጣጠሪያ ውስጥ ሲገባ ግን ቁጥሩ ተጽፎ ይገኛል። ሁለታችንም ተማርን።

ሌላው ራም ነው፤ ላፕቶፑ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ። ከትንንሾቹ ብዙዎቹ ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። ሲገዛ 16 ጊጋ ከሆነ ዕድሜ ልኩን 16 ነው። በኋላ እጨምራለሁ የሚባል ነገር የለም። የ2024ቷ ጂ14 እንዲህ ናት። የ2023ቷ ግን ከተበየደው ሌላ አንድ ክፍት ቦታ አላት። ለእኔ ነገሩን የጨረሰው ይህ ነው። ስክሪኗም ኦሌድ አይደለም፤ ቀለሟ ንጹሕ ነው፤ ካሜራ አላት፤ 4060 ያለበትም አለ። ክብደቷ 1.7 ኪሎ ገደማ ነው። አሮጌው ከነቻርጀሩ ከሚመዝነው ግማሹን አትሞላም።

ያገለገለች ስለሆነች ዝም ብዬ አልከፈልኩም። የራሴን ሥራ በሃርድ ዲስክ ይዤ ነበር የሄድኩት፣ አንድ እውነተኛ የሠርግ ፕሮጀክት። እዚያው ላይ ጭኜ ኤክስፖርት አስጀመርኩና ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። ማንኛውም ላፕቶፕ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ጀግና ነው። ችግሩ የሚመጣው ሲሞቅ ነው። ፍጥነቱን እየቀነሰ ይሄዳል፣ ወይም ፋኑ እንግዳ ድምፅ ያወጣል። ሻጩ መጀመሪያ ፊቱን አጠቆረ፣ በኋላ ማኪያቶ አዘዘልኝ። የባትሪ ሪፖርትም አስወጣሁ፤ ዊንዶውስ ራሱ አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና አሁን የቀረውን አንድ ላይ ይጽፍልሃል። ባትሪዋ አዲስ ሳለ 76 ዋት ሰዓት ነበር። ያየሁት ቁጥር ብዙ አልራቀም። ገዛኋት።

ጉድለት የላትም አልልም። የካሜራዬ ትልቁ ካርድ አይገባባትም፤ ትንሿን ካርድ ብቻ ነው የምትቀበለው። ስለዚህ ካርድ ማንበቢያ መያዝ ግድ ነው። ዋናው ቻርጀሯም ቀላል አይደለም። ግን እሱን ቤት ትቼው ነው የምሄደው። በዩኤስቢ-ሲ በኩል እስከ 100 ዋት ትቀበላለች። የዩኤስቢ-ሲዋ ቻርጀር ለስልክ ቻርጀር የቀረበች፣ በእጅ የምትያዝ ነገር ናት። በእሷ ከባድ ጌም አይሞከርም፤ ለመገልበጥና ለመቁረጥ ግን በቂ ናት። ባለፈው ደምበጫ ላይ ዳሱ ውስጥ ሰክቻት ዲጄው ዞር ብሎም አላየኝ።

አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ጌሚንግ ላፕቶፕ በባትሪ ላይ ሌላ ሰው ነው። ባትሪው ለግራፊክስ ካርዱ የሚበቃ ኃይል ባንዴ መስጠት ስለማይችል ፍጥነቱ ይወርዳል። መብራት ሲሄድ ሬንደሩ አይቋረጥም፤ ግን ያነክሳል። ለእኔ ማነከሱ ከመሞቱ ይሻለኛል።

ባትሪው ላይ ሌላ ክርክር አለብኝ፣ ከራሴ ጋር። ሁልጊዜ ተሰክቶ ለሚውል ላፕቶፕ ባትሪውን 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም ማድረግ ዕድሜውን ያራዝመዋል። እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ምክር የሚጽፉት መብራት የማይሄድባቸው ሰዎች ናቸው። ሃያ በመቶ እኛ ዘንድ አንድ ሙሉ ቅንጭብ ናት። የማደርገው እንዲህ ነው። ቤት በምውልበት ሳምንት 80 ላይ አቆማታለሁ። የሠርግ ዋዜማ መቶ እሞላታለሁ። በእሷና በሶኬቱ መሐል ደግሞ ስታብላይዘር አለ። መብራቱ ሲመለስ አመጣጡ የዋዛ አይደለም።

ሙቀት ላይ ደብረ ማርቆስ ሁለት ፊት አላት። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ሳሳ ያለ ስለሆነ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በሌላ በኩል ማታ ማታ ብርዱ ራሱ ፋን ነው። ነሐሴ ላይ ጋቢ ደርቤ ስሠራ ላፕቶፑ እጄን ያሞቅልኛል። ወደ ሞቃቷ ፍኖተ ሰላም ስወርድ ግን ልዩነቱን ከፋኑ ድምፅ ወዲያው እሰማዋለሁ።

ከታች አየር የምትስበው ስለሆነች ምንጣፍና አልጋ ላይ ማስቀመጥ አፍንጫዋን እንደመያዝ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከሥሯ የባለቤቴን ሰፌድ አድርጌ፣ በሁለት መጽሐፍ ከፍ አድርጌ፣ በጣም ጥሩ ፈጠራ ነው ብዬ ሳለሁ ያዘችኝ። «ላፕቶፕህ ነው እህል የሚነፋው?» አለች። አሁን ሰፌዱ ወጥቶ መጽሐፎቹ ብቻ ቀርተዋል። ሥራቸውን በደንብ ይሠራሉ። ጌሙን ደግሞ በሰከንድ 60 ፍሬም ላይ ገድቤዋለሁ። ቴሌቪዥናችን ከዚያ በላይ አያሳይም፤ ትርፉን ማሠራት ፋን ማስጮህ ብቻ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ካስተካከልኩ ወዲህ ሳሎናችን ውስጥ ወፍጮ የለም።

በበጋ አቧራው ይገባል። አንድ ወዳጄ ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕረሰር ያስነፋዋል። እኔንም ሊወስደኝ ነበር። ያ ግፊት ፋኑን ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል፤ ከቱቦው ውኃም ይተፋበታል። ጎማና ላፕቶፕ አንድ አይደሉም። ክዳኑን ፈትቶ፣ ፋኑን በጣት ይዞ፣ በለስላሳ ብሩሽ ነው።

ኔት ላይ አላበዛም። በ2016 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በጠፋበት ጊዜ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ። በየወሩ የሚከፈልባቸው የኤዲቲንግ ሶፍትዌሮች ኔት ላይ ገብተው ፈቃዳቸውን ካላረጋገጡ ይዘጋሉ። ብቻህን የምትጫወተው ጌም እንኳ ግባ ካላልከው አልከፍትም የሚል አለ። ከዚያ ወዲህ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው የምጠቀመው፤ ነፃው ቅጂ እስከ አልትራ ኤችዲ ያወጣልኛል፤ ያለ ኔትም ይከፈታል። ጌም አዲስ አበባ ስሄድ አውርጄ እመጣለሁ። አንድ ጌም በብዙ አሥር ጊጋ የሚቆጠር ስለሆነ ልጄ ለእኔ ጉዞ የሚጸልየው ከእናቱ በላይ ነው።

ባለፈው እሑድ ማታ እኔና ልጄ ፊፋ ላይ ነበርን። እናቴ አጠገባችን እየፈተለች ነው። ልጄ ሁለት ለአንድ እየመራኝ፣ መብራት ሄደ። ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ኤችዲኤምአዩን ነቀልኩና ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አዞርኩት። ጨዋታው አልተቋረጠም፤ ትንሽ ይጎተታል እንጂ። ሦስት ጭንቅላት በ14 ኢንች ላይ ተደፋ።

«ኳሷ የት አለች?» አለች እናቴ።

«ያቻት እማማ፣ እዚህ ጋ» አለ ልጄ።

«ያኛው ላፕቶፕ ላይ ቢሆን ትታየኝ ነበር» አለችና መነጽሯን ፍለጋ በጨለማው ተነሣች።